ያልተዘጋው መዝገብ፦ ልምሻ፣ ክትባትና የመርሳት አባዜያችን

በቅርቡ የታሪክ ተማሪዎቼን አስከትዬ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥቼ ነበር። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ደጋማ ሥፍራ ነው። በዚያ ከሚከናወኑት ሥራዎች አንዱ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ተራራውን የወረሰውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እያነሱ በጽድ፣ በወይራ፣ በዝግባና በኮሶ መተካት ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍን መቁረጥ ማለት ባሕር ዛፍን ማጥፋት ማለት እንዳልሆነ ማንኛውም የእንጦጦ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። ግንዱ ወድቆ ጉቶው ከቀረ፣ ክረምቱ ሲገባ ከአንድ ጉቶ ዙሪያ አምስትና ስድስት ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። ቆራጩ «ጨረስኩ» ብሎ ከሄደ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደኑ ከቀድሞው የባሰ ችምችም ብሎ ይጠብቀዋል።

ከአንድ ገላጣ ቦታ ላይ ቆመን ከተማይቱን ቁልቁል በምናይበት ሰዓት አንዲት ተማሪዬ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። በየሰፈሩ የፖሊዮ ክትባት በድምፅ ማጉያ የሚለፈፍበት ሰሞን ነበርና ነገሩ ሳያሳስባት አልቀረም። «መምህር፣ ፖሊዮ ከኢትዮጵያ ጠፍቷል ተብሎ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ሕፃናቱን ደጋግመው ይከትቧቸዋል?» አለችኝ። ከኋላዋ የነበረ ሌላ ተማሪ ደግሞ «ከበስተጀርባው አንድ ነገር ቢኖር ነው» ሲል አከለበት፤ የቀሩትም ሳቁ።

ቆሜ የሰጠሁት መልስ አላረካኝም። ጥያቄው የሕክምና ባለሙያን የሚመለከት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያጤኑት ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፣ የፖለቲካም ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕለት ዕዳ መክፈያ ነው።

ከተራራው ግርጌ ያለው ግቢ

ከቆምንበት ኮረብታ ግርጌ ወደ ከተማው ወረድ ሲባል፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ ሳይርቅ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ሰፈር አለ። ስሙ ከሰባኪ የመጣ የሚመስላቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል። ስያሜው የፈረንሳዊው ሊቅ የሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር በተዋዋለው መሠረት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በዚህ በጉለሌ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው ቢጫ ወባ ተነሥቶ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ በተገመተበት ጊዜ፣ የዕልቂቱን መንስኤ ለመመርመር ከተሰማሩት መካከል የዚሁ ተቋም ባለሙያዎች ነበሩ። አፍሪካ ከዚያ የከፋ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ መዝግባ አታውቅም። ለመሆኑ ከእኛ ውስጥ ስለዚያ ዕልቂት በትምህርት ቤት የተማረ ማን ነው?

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1964 ማዕከላዊ ላቦራቶሪና ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትና ከባህል መድኃኒት ምርምር ክፍል ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብለን የምናውቀው ይኸው ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የተቋማት ስም የሚለወጥበት አገር ላይ ነንና የስሙ መፈራረቅ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሥራው አለመቋረጡ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ፣ ኢሕአዴግም ሲያልፍ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ነጭ ካፖርት ለብሶ በአጉሊ መነጽር ማየቱን አልተወም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የፖሊዮ ላቦራቶሪ የሚገኘውም በዚሁ ግቢ ነው።

በፊት ያሸነፍነው ጦርነት

ስለ ፖሊዮ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ፈንጣጣ ማንሣት ግድ ይላል። «ክትባት» የሚለው ቃላችን ራሱ ታሪክ አለው። «ከተበ» በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ በአማርኛችን ደግሞ ቆዳን በስለት ጫር አድርጎ መድኃኒት ማኖር ማለትም ሆነ። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ያገራችን ሰዎች ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየጫሩ ይከትቡ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ «ክትባት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው አባባል ቢያንስ በእኛ አገር የታሪክ መሠረት የለውም።

በጥር 1963 ዓ.ም የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር ብዙ አዋቂዎች አይሳካም ብለው ነበር። በጊዜው ቅድሚያ የሚሰጠው ለወባ ማጥፊያ ሥራ ነበር፤ አገሩ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት፣ ገደሉ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ የፈንጣጣ በሽተኞች ተመዘገቡ። ከታቾቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ተጓዙ። ዘመቻው ሳይጠናቀቅ አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰሜኑ ጦርነት ተፋፋመ። ሥራው ግን አልቆመም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት የ3 ዓመት ሕፃን በፈንጣጣ ታመመች። ከእርሷ በኋላ በኢትዮጵያ ምድር በፈንጣጣ የታመመ ሰው አልተገኘም።

የመጨረሻው በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ በዓለም ላይ የተመዘገበው ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም፣ በሶማሊያዋ የመርካ ከተማ ነው። ታማሚው ዓሊ ማው ማዓሊን የተባለ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። ሁለት በሽተኞችን ወደ ማግለያ ሥፍራ ለማድረስ ለጥቂት ደቂቃ በአንድ መኪና አብሯቸው ተጓዘ፤ ያዘውም። ክትባቱን ቀደም ሲል ሕመሙን ፈርቶ ሸሽቶት ነበር። ወቅቱን ልብ በሉልኝ፤ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን በታንክና በሚግ የሚፋለሙበት ወር ነው። ሁለቱ መንግሥታት ሲተላለቁ፣ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ከታቾች ግን አንዱን ጠላት እያሳደዱ ነበር። ከጦር ሜዳው ወሬ ስንቱን እንዳስታወስን፣ ከከታቾቹ ገድል ደግሞ ስንቱን እንደረሳን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። ይህን ሰው በኋላ እንመለስበታለን።

የልጅነት ልምሻ

አባቶቻችን ፖሊዮን «የልጅነት ልምሻ» ይሉታል። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያለው ሕዝብ አላውቅም። ማታ ትኩሳት ይዞት የተኛ ሕፃን ጠዋት ሲነሣ እግሩ እንደ ጠወለገ ቅጠል ይዝላል።

የአክስቴ ልጅ ከእኔ በ10 ዓመት ትበልጣለች። የተወለደችው የሕፃናት ክትባት እኛ አገር ገና ሳይደራጅ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ቀኝ እግሯ ለመሰሰ። አክስቴ ሦስት ዓመት ሙሉ አዝላት ከወጌሻ ወደ ወጌሻ፣ ከጸበል ወደ ጸበል ተንከራተተች። ጎረቤት አንዱ «ለክፏት ነው»፣ ሌላው «የቤቱ እርግማን ነው» ይል ነበር። ልጅቷ ቀኝ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች መራመድ ተማረች፤ እኔም በልጅነቴ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እርሷ ለምን ቆማ እንደምታይ አይገባኝም ነበር። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ መንገዱም አቀበት ነበርና። የዚያ ትውልድ ሰው የሆነ ሁሉ በሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ያስታውሳል። ዛሬ ተማሪዎቼን «ልምሻ ያጠቃው የዕድሜ እኩያችሁን የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ብላቸው የሚነሣ እጅ አላገኝም። ይህ ባዶነት በራሱ አልመጣም።

በሽታው የሚተላለፈው በሰገራ በተበከለ ውሃ፣ ምግብና እጅ ነው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ቫይረሱ ከሚይዛቸው 200 ሕፃናት መካከል እጅና እግሩ የሚዝለው አንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ምንም ሳይመስሉ ቫይረሱን ያዛምታሉ። ፈንጣጣ በሽተኛውን ፊቱ ላይ ጽፎ ያጋልጠዋል፤ ልምሻ ግን ተሸሽጎ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ የለመሰሰ ሕፃን በተገኘበት ቦታ ሁሉ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ያልታዩ ተሸካሚዎች አሉ ማለት ነው። መድኃኒትም የለውም፤ ያለው መከላከያ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ዮናስ ሳልክ በመርፌ የሚሰጠውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1955 ይፋ አደረገ። አልበርት ሳቢን ደግሞ ቫይረሱን አዳክሞ በአፍ የሚጨመር ጠብታ ሠራ። የሳቢን ጠብታ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ላይ መጀመሪያ የተሞከረው በአሜሪካ አልነበረም፤ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል በሶቪየት ኅብረት ነው። ሁለቱ ኃያላን የኑክሌር ሚሳይል እየተደቃቀኑ ሳለ ሐኪሞቻቸው የተዳከመ ቫይረስ ይለዋወጡ ነበር። ጠብታው ርካሽ ነው፤ መርፌ አይጠይቅም፤ ማንም ሰው በአንድ ቀን ሥልጠና ሊሰጠው ይችላል። ለእኛ ዓይነቱ አገር የተፈጠረ ይመስል ነበር።

ያልታየውን የሚፈልጉ ሰዎች

ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ በተበሠረበት በ1972 ዓ.ም ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሟን ጀመረች። በግንቦት 1980 ዓ.ም የዓለም የጤና ጉባኤ ፖሊዮን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ወሰነ። ያን ጊዜ በዓመት 350 ሺህ ያህል ሕፃናት፣ ከ125 በሚበልጡ አገሮች፣ በዚህ በሽታ ይለመስሱ ነበር። እኛ አገር ውሳኔው በተግባር የተተረጎመው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ብሔራዊ የክትባት ቀናት እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀመሩ። በረዶ የያዘ ሳጥን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት፣ የተከተበውን ሕፃን ትንሽ ጣት በቀለም የሚቀቡት፣ የጎበኙትን ቤት በር በጠመኔ ምልክት የሚያደርጉበት ከታቾች ከዚያ ወዲህ የአገራችን ገጽታ አካል ሆኑ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ከ30 ሺህ የሚበልጡ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡና ሥራው ባለቤት አገኘ።

ነገር ግን ጠብታ ማደል የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ሰው የማያውቀው የፍለጋው ሥራ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሪፖርት ይደረግ። ሕመሙ በጀመረው በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድ። ናሙናው ቅዝቃዜው ሳይለቅ ጉለሌ ይድረስ።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን እናት ልጇ የለመሰሰባት ጊዜ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጤና ጣቢያ አይደለም፤ እንደ አክስቴ ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ጸበል ነው። ስለዚህ የአገራችን ቅኝት ሠራተኞች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ወጌሻውን፣ የባህል ሐኪሙን፣ የጸበሉን አጥማቂ «ኋላ ቀር» ብለው አልናቁትም፤ «እንዲህ ያለ ልጅ ወደ አንተ ከመጣ ንገረን» ብለው የመረጃው ምንጭ አደረጉት። አገሩን ባለበት ተቀብሎ የሚሠራ ሳይንስ እንዲህ ያለው ነው።

በላቦራቶሪው ናሙናው በሕያው ሕዋሳት ላይ ይዘራል፤ ቫይረሱ ካለ ሕዋሳቱን ሲገድል ይታያል። ከመቶ ናሙና ምናልባት በአንዱም ፖሊዮ አይገኝም። ሌሎቹ ልጆች የዛሉት በሌላ ምክንያት ነው። የቅኝቱ ጥራት የሚለካው ታዲያ በዚህ ነው፦ ፖሊዮ ባይኖርም እንኳ ከ15 ዓመት በታች ካሉ ከ100 ሺህ ልጆች ቢያንስ አንድ በሌላ ምክንያት የዛለ ልጅ ተገኝቶ ካልተመረመረ፣ «ፖሊዮ የለም» የሚለው ሪፖርት ዋጋ የለውም። ውድ አንባብያን፣ ይህን መለኪያ ወደ ፖለቲካችን አምጡት። «ችግር የለም» የሚል ሪፖርት ሁሉ በእውነት ተፈልጎ የታጣ ነው? ወይስ ያልተፈለገ? ላቦራቶሪው በዚህ ረገድ ከብዙ ምክር ቤቶቻችን የበለጠ ሐቀኛ ነው።

ወሬ ቪዛ አይጠይቅም

አገር በቀሉ የፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ በኢትዮጵያ የታየው በ1993 ዓ.ም ነው። ግንዱ ወደቀ። ጉቶው ግን ሌላ አገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በሰሜን ናይጄሪያ የካኖ ግዛት «ጠብታው ሴቶችን ያመክናል፣ ኤድስ ያመጣል» በሚል ወሬ ክትባቱን አገደች። ወሬው ከባዶ አልተነሣም፤ በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ የምዕራብ መድኃኒት ኩባንያ በሕፃናት ላይ ያካሄደው ሙከራ ያስከተለው ቁጣ ገና አልበረደም ነበር። እገዳው አንድ ዓመት ሳይሞላው ተነሣ። ቫይረሱ ግን ፈቃድ ሳይጠብቅ ተነሥቶ ነበር፤ ከፖሊዮ ነፃ ወደ ነበሩ ወደ 20 የሚጠጉ አገሮች ዘለቀ። በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ እኛም ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 ብቻ በኢትዮጵያ 22 ልጆች ለመሰሱ፤ በተከታዩ ዓመት 17።

ዘመኑን አስተውሉ፤ ዘጠና ሰባት ነው። እኛ የተማርነው ክፍሎች «ዘጠና ሰባት» ስንል ምርጫውን፣ ክርክሩን፣ ሰልፉንና ያንን የደም ሰኔ እናስባለን። ልናስበውም ይገባል። ነገር ግን በዚያው ዓመት አገሪቱ ከአራት ዓመት በፊት ያባረረችው በሽታ ተመልሶ መግባቱን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? ከአዲስ አበባ በ3 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የተነገረ ወሬ የትግራይን፣ የአማራንና የኦሮሚያን ልጆች እግር ነጠቀ።

መንግሥታትም የዚህ ጥፋት ተካፋይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደንን ለማግኘት በፓኪስታን አቦታባድ ከተማ የሐሰት የክትባት ዘመቻ አስደረገ። ምስጢሩ ሲወጣ የፓኪስታን ሸማቂዎች በከታቾች ላይ ለሚሰነዝሩት ጥቃት ተጨማሪ ሰበብ አገኙ። ዋይት ሐውስ ክትባትን ለስለላ እንደማይጠቀም ቃል የገባው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። «ከበስተጀርባው አንድ ነገር ቢኖር ነው» ያለው ተማሪዬን ስለዚህ አልዘልፈውም። ሰው የሚጠራጠረው ተዋሽቶ ስለሚያውቅ ነው። ግን የጥርጣሬው ዕዳ የሚከፈለው በጠርጣሪው እግር ሳይሆን በልጁ እግር መሆኑን ልነግረው ይገባል።

ከዶሎ እስከ ማረጋገጫው

እ.ኤ.አ. በ2013 ቫይረሱ በሞቃዲሾ ታየ። በዚያ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ልጆችን ካጠቃ በኋላ በሐምሌ 2005 ዓ.ም ድንበር ተሻግሮ በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ታየ፤ እስከ ጥር 2006 ዓ.ም ድረስ 10 ኢትዮጵያውያን ለመሰሱ። ከታቾች ከግመሎች ጋር ተጓዙ፤ በውኃ ጉድጓዶችና በድንበር መሻገሪያዎች ቆመው አላፊ አግዳሚውን ከተቡ።

አሁን ወደ ዓሊ ማው ማዓሊን እንመለስ። የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ድኖ፣ በስተርጅናው የፖሊዮ ክትባት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ነበር። እናቶች ሲያመነቱ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር፤ ክትባት ፈርቶ የሸሸው እርሱ መሆኑን፣ አገሩም የፈንጣጣ የመጨረሻዋ መሆኗን። በዚያው ሐምሌ ወር፣ ለዚሁ ወረርሽኝ ክትባት ሲሰጥ ሳለ በወባ ታሞ ሞተ። የአፍሪካ ቀንድ ለሰው ልጅ ካበረከታቸው ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነው፤ በከተሞቻችን ግን በስሙ የተሰየመ መንገድ አላየሁም።

የአፍሪካ ማረጋገጫ ኮሚሽን በሰኔ 2009 ዓ.ም የኢትዮጵያን ሰነድ ተቀበለ። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም መላው የዓለም የጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ታወጀ። ያን ዕለት ዓለም በኮሮና፣ እኛም በራሳችን ጣጣ ተጠምደን ነበርና እልል ያለ ሰው ብዙ አልነበረም።

የተማሪዬ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጠፋ የተባለው የዱር ቫይረሱ ነው። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ደግሞ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ይዟል። የተከተበው ልጅ ይህን የተዳከመ ቫይረስ ለጥቂት ሳምንታት በሰገራው ያስወጣል። ጎረቤቶቹ ሁሉ የተከተቡ ከሆነ ቫይረሱ መሄጃ አጥቶ ይሞታል። ብዙዎቹ ያልተከተቡ ከሆነ ግን ካንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከብዙ ወራት ቆይታ በኋላ የድሮ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። ከክትባት የመነጨ ፖሊዮ የሚባለው ይህ ነው። ጥፋቱ የክትባቱ መብዛት አይደለም፤ ማነሱ ነው። በጠብታው ውስጥ ከነበሩት ሦስት ዓይነቶች ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 በመላው ዓለም እንዲወጣ ተደረገ፤ በየአገሩ የቀሩት ክፍተቶች ግን አልተደፈኑም ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም በዚያው በዶሎ ዞን ቦኽ ወረዳ አንድ ልጅ በዚሁ ሁለተኛ ዓይነት ቫይረስ ለመሰሰ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ክልሎች ታይቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለመከተብ ዘመቻ የታወጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዱሩም ቢሆን ጉቶው አልተነቀለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም የተመዘገበው 6 ሕመምተኛ ብቻ ነበር። ብዙዎች «አበቃ» አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን 99 ደረሰ።

ጠመንጃ ዝም የሚልበት ቀን

ልምሻ የት እንደሚያቆጠቁጥ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የጦርነትን ካርታ ማየት ይበቃል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በትግራይ ለሁለት ዓመት በተካሄደው ጦርነት ጤና ተቋማት ወድመዋል፤ መደበኛ ክትባት ተቋርጧል። በኋላም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የጤና ባለሙያ ሲሰደድ፣ የክትባቱ ቅዝቃዜ አብሮ ይጠፋል። አንድ ሕፃን ሦስተኛውን ጠብታ የሚያጣው የትኛውም ወገን ስለጠላው አይደለም። ማንም ስላላሰበው ነው።

መፍትሔ ታይቶ የማይታወቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ በቤተ ክርስቲያንና በዩኒሴፍ አደራዳሪነት፣ መንግሥትና ሸማቂዎች ለክትባት ሲባል ጠመንጃቸውን ዝም አሰኙ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እስኪያበቃ በየዓመቱ ይህንኑ ደገሙት። እ.ኤ.አ. በ2024 በጋዛ እንኳ፣ በ25 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የፖሊዮ ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ተኩስ ጋብ እያለ በመጀመሪያው ዙር ከ5 መቶ ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት ተከተቡ። እነዚያ ያደረጉትን እኛ የማናደርግበት ምክንያት የለም። ሽማግሌዎቻችን፣ የሃይማኖት አባቶቻችንና ምሁራኖቻችን ሌላ ምንም መስማማት ቢያቅታቸው፣ በዓመት ጥቂት የክትባት ቀናትን ከሁሉም ወገን መጠየቅ ይችላሉ። እንቢ የሚል ካለም ሕዝብ ይወቀው።

ስለዚህ ለተማሪዬ መልሴ ይኸውልሽ፦ ልምሻ ከዓይናችን ጠፍቷል፤ ከምድራችን ግን አልተነቀለም። ከዓይናችን ያጠፉት ሰዎች ሥራቸውን በተዉበት ክረምት ይመለሳል። ደጋግመው የሚከትቡት የከተቧቸውን ስላላመኑ ሳይሆን ያልደረሱበት አንድ ቤት መኖሩን ስለሚያውቁ ነው።

ባለፈው ዘመቻ ሰሞን የአክስቴን ልጅ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ዛሬ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ከታቾቹ ጓዳ ጎድጓዳውን አልፈው እንዳይሄዱ ከበሯ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። አንዲት ጎረቤቷ «ልጄ ባለፈው ተከትቧል፣ ይበቃዋል» ስትል ሰማኋት። እርሷ አልተከራከረችም። ከወንበሯ ተነሥታ፣ ቀኝ ጉልበቷን በእጇ ይዛ፣ እስከ ሴትዮዋ በር ድረስ ተራመደች። ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ወጣች። ስመለስ የዚያች ቤት በር በጠመኔ ምልክት ተደርጎበት አየሁ።

ልቡና ይስጠን። ቸር እንሰንብት።